ወደ አውሮፓ ለምትሄድ ልጅ የሚዘጋጅ ስንቅ

ለዓምዳችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ከሰሜን ሸዋ፣ ከግሼ ወረዳ፣ ከራቤል ከተማ የተላከ ነው። ጸሐፊዋ እናት ናቸው። ልጃቸው የመጀመሪያ ዲግሪዋን ጨርሳ፣ ኢራስመስ ሙንዱስ የተባለውን የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ዕድል ተወዳድራ በማግኘቷ፣ በመጪው መስከረም ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ጀርመን አገር ትሄዳለች። ከቤተሰቡ ባሕር የተሻገረ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እናቲቱ የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ ምን ልሰንቅላት? ምንስ ብዬ ልምከራት? ጥያቄው የእሳቸው ብቻ ባለመሆኑ መልሱን ሰፋ አድርገን ለማቅረብ ወደናል።

ደብዳቤው በግርጌው አንድ ነገር ይጨምራል። ከዘመድ መካከል «ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር ማዶ ምን ትሠራለች? መጀመሪያ ትዳር ትያዝ» የሚሉ አልጠፉም። ለእነዚህ ዘመዶች ልንነግራቸው የምንችለው ነገሩ አዲስ አለመሆኑን ነው። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጆች ስንዱና ይውብዳር ወደ ስዊዘርላንድ ለትምህርት የተላኩት በ1920ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነበር። ያን ጊዜ ይውብዳር የስድስት ዓመት ሕፃን ነበረች። ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው በባቡር ጅቡቲ ወርዶ፣ ከዚያ በመርከብ ይሻገር በነበረበት ዘመን ማለት ነው። ወይዘሮ ስንዱ ተምረው ተመልሰው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለሕዝብ ምክር ቤት የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ለመሆን በቁ። ታናሽየዋ በፒያኖ ድርሰቶቻቸው በዓለም የታወቁት፣ በ2015 ዓ.ም. ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ናቸው። እንግዲህ የስድስት ዓመት ልጅ የተሻገረችውን ባሕር ዲግሪ የያዘች ልጅ ብትሻገር የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ትዳሩም አያመልጥም።

ወደ ስንቁ እንመለስ። የመንዝና የግሼ እናት ልጇን ስትሸኝ መጀመሪያ እጇ የሚሄደው ወደ ቅቤው ነው። ይሁንና ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣና ማንኛውም የሥጋና የወተት ውጤት ከእኛ አገር በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች እንዳይገባ በሕግ ተከልክሏል። ምክንያቱ ንቀት አይደለም፤ የከብት በሽታ እንዳይገባባቸው ሲሉ ነው። ቅቤው ተነጥሮ፣ ኮረሪማና ኮሰረት ገብቶበት፣ በሦስት ላስቲክ ቢታሰርም ያው ቅቤ ነው። በቅቤ የታሸ ድልህም እንደዚያው ነው። ጉምሩኩ ካገኘው ይወስደዋል፤ መቀጮም ሊያስከትል ይችላል። ትኩስ ፍራፍሬና አትክልት፣ ለዘር የሚሆን እህልም ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይሞከርም። ማር ግን እስከ 2 ኪሎ ድረስ ተፈቅዷል።

የሚያዋጣው ደረቅ ስንቅ ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማና የገብስ ቆሎ በየራሳቸው በጥሩ ላስቲክ ታሽገው፣ በላያቸው ላይ ምንነታቸው በእንግሊዝኛ ተጽፎ በትልቁ ሻንጣ ይግቡ። ከሁሉ በላይ ግን በሶ አይረሳ። የገብስ አገር ሰው በሶን ንቆ የሚተው ከሆነ እናዝናለን! በጀርመን አገር እሑድ ቀን ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ ከጥቂት የባቡር ጣቢያ ሱቆች በቀር የሚሸጥ አይገኝም። ቅዳሜ ማታ ደርሳ፣ ምድጃው እንዴት እንደሚለኮስ ሳታውቅ፣ እሑድን ጾሟን እንዳትውል የሚያደርጋት ከውሃ ጋር የሚበጠበጥ አንድ ኪሎ በሶ ነው። ለቀሪው አትጨነቁ። ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ሽንኩርቱና ዘይቱ ከቱርኮችና ከሕንዶች ሱቅ ይገኛል። በትልልቅ ከተሞች የሐበሻ ሱቅም አለ። የምትጾም ልጅ የጾም ምግብ አጥታ አትቸገርም።

ስለ ልብስ የራቤል ሰው ብርድን ከማንም ይማር አንልም። ባና ለብሶ ያደገ የደጋ ልጅ ውርጭን ያውቃል። ነገር ግን የዚያ አገር ብርድ ጠባዩ ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሞቃል፤ ቤት ውስጥና ደጅም ያው ነው። እዚያ ቤቱ፣ ክፍሉ፣ አውቶቡሱ ሁሉ በማሞቂያ ይሞቃል፤ ደጁ ግን እርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ አንድ እንደ ባና ያለ ከባድ ልብስ ሳይሆን፣ እየገባች የምታወልቀው እየወጣች የምትደርበው ስስ ስስ ልብስ ይሻላል። ውሃ የማያስገባ ጫማና አንድ ጃኬት ይዛ ትሂድ፤ ወፍራሙን ካፖርት ክረምቱ ሲገባ ከዚያው፣ ያገለገለ ልብስ ከሚሸጥበት ሱቅ በርካሽ ታገኘዋለች። ጋቢ ግን ቢከብድም ይያዝላት፤ ብርዱን ስለሚከላከል ብቻ አይደለም።

ይልቅ ያልለመደችው ነገር ጨለማው ነው። በርሊን ከተማ በታኅሣሥ ወር ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ሲሆን፣ 10 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። በሰኔ ደግሞ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ብርሃን ነው። ልጅቱ በክረምቱ ወራት «እንዲሁ ይከፋኛል፣ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ» ብትል ስንፍና ወይም ዓይነ ጥላ አይምሰላችሁ። በቀን ብርሃን ወጥታ እንድትራመድ፣ ካልተሻላትም ሐኪም እንድታይ ምከሯት። ጥርሷንና ዓይኗን ግን ከመሄዷ በፊት እዚሁ ትታይ፤ እዚያ የመነጽርና የጥርስ ሂሳብ ከባድ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ዋናው ነገር ስሟና የልደት ቀኗ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት መሆን ነው። በፓስፖርት ላይ በአንድ ፊደል የተጻፈ ስም በዲግሪው ላይ በሌላ ፊደል ተጽፎ ከሆነ፣ እዚህ ሳለች ይታረም። የልደት ቀንም እንዲሁ ነው። ጥር 12 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በእነርሱ አቆጣጠር የተወለደችው ጃንዋሪ 21 ቀን 2000 ነው። ቀኑ ሳይመነዘር 12፣ 05፣ 1992 ተብሎ ከተጻፈ ግን እነርሱ ሜይ 12 ቀን 1992 ብለው ያነቡታል፤ ልጅቱ በአንድ ጊዜ ወደ ስምንት ዓመት ያህል አረጀች ማለት ነው! ዲግሪዋ፣ የትምህርት ውጤቷና የልደት ምስክር ወረቀቷ ዋናው ቅጂ፣ የዩኒቨርሲቲው የመቀበያ ደብዳቤ፣ የትምህርት ዕድሉ ደብዳቤ፣ የኢንሹራንሱ ወረቀት፣ የማደሪያዋም አድራሻ በእጅ ቦርሳዋ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሁን። ሻንጣ ይጠፋል። የሁሉም ፎቶ ኮፒ አንድ ቅጂ ራቤል ቤታችሁ ይቀመጥ። ከ90 ቀን በላይ ለሚቆይ ተማሪ የሚሰጠው ቪዛ ከአጭር ጉብኝት ቪዛ የተለየ ስለሆነ፣ ለቀጠሮው ብዙ ሳምንታት አስቀድሞ መጀመር ያስፈልጋል። ቀጠሮው አዲስ አበባ ስለሆነ፣ የመንገዱም ነገር እንደ ጊዜው ስለሆነ፣ የቀጠሮው ዋዜማ ከራቤል አይነሱ፤ ሦስት አራት ቀን ቀድመው ይግቡ።

የሰዓቱ ነገር ብዙ መንገደኛ አሳስቷል። የአውሮፕላን ትኬት ቀኑን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። በትኬቷ ላይ ሴፕቴምበር 20፣ 01፡30 ተብሎ ቢጻፍ፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል፣ ለመስከረም 10 አጥቢያ ማለት ነው። ስለዚህ ቦሌ መገኘት ያለባት መስከረም 9 ቀን ማታ፣ በረራው ከመድረሱ ሦስት ሰዓት ቀደም ብላ ነው። «ቀኑ 10 ነው» ብላ መስከረም 10 ማታ ብትሄድ አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ ሰዓት ያህል ሆኖታል።

ቦሌ ላይ ሌላም ነገር አለ፤ እሱም አደራ ነው። በእኛ አገር አደራ የተከበረ ነገር ነው፤ እንቢ ማለትም ያሳፍራል። ይሁን እንጂ «ለወንድሜ ትንሽ ዕቃ አድርሺልኝ» የሚል ሰው፣ ዘመድ ቢሆን እንኳ፣ ዕቃው በፊቷ ተፈትቶ አንድ በአንድ ካልታየ አይቀበሉለት። የማታውቀው ሰው ከሆነ ጨርሶ አይሆንም። ጫት በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በእንግሊዝ በ2014 ተከልክሏል፤ በጀርመንም ክልክል ነው። በሻንጣዋ የተገኘ ዕቃ በሕግ ፊት የእሷ ነው፤ «የሰው አደራ ነው» የሚለው ቃል እዚያ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አያድናትም። ለዚህ ጉዳይ እናቲቱ ራሳቸው ክፉ ሰው ቢሆኑላት መልካም ነው፤ «እናቴ ዕቃ እንዳትይዢ ብላ አስምላኛለች» ለማለት ይመቻታል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንግባ፤ በበኩላችን ከቅቤውም ከካፖርቱም ይልቅ ቤተሰብ ተቀምጦ ሊመክርበት የሚገባው ይህ ነው ብለን እናምናለን። በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ሌሎቹ የሶሻሊስት አገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ተልከዋል። መንግሥት ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ የሚልካቸው ስለነበሩ፣ በቡድን ሄደው፣ ማደሪያ ተሰጥቷቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት ቋንቋ ብቻ እየተማሩ አገሩን ይለምዱ ነበር። የዛሬዋ ተማሪ ግን ዕድሉን ራሷ ፈልጋ አግኝታ፣ ብቻዋን አውሮፕላን ተሳፍራ፣ ብቻዋን ቤት የምትከራይ ናት። የመጀመሪያው ወር ወጪም በራሷ ጫንቃ ላይ ነው።

የኢራስመስ ሙንዱስ ዕድል በ2013 ዓ.ም. በተሻሻለው ደንብ መሠረት በወር 1400 ዩሮ፣ ቢበዛ ለ24 ወራት ይሰጣል። የትምህርቱ ክፍያና ኢንሹራንሱ ተሸፍኗል። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ ቪዛው፣ የቤት ኪራዩና ቀለቡ ግን ሁሉም ከዚሁ ከ1400 ዩሮ ነው። ይህ ገንዘብ በብር ሲመነዘር ራቤል ገበያ ላይ የሚያስደነግጥ ሀብት ይመስላል። ሆኖም የጀርመን መንግሥት በራሱ ገንዘብ ሊማር የሚመጣ የውጭ ተማሪ ለኑሮው ብቻ በወር 992 ዩሮ፣ በዓመት 11,904 ዩሮ በባንክ አስቀምጦ እንዲያሳይ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ወስኗል። ያ ማለት መንግሥቱ ራሱ ከዚህ ባነሰ መኖር አይቻልም ብሎ አስልቷል። ከ1400 ላይ 992 ሲቀነስ 408 ዩሮ ይቀራል። ከዚያ ላይ ትኬትና መጽሐፍ አለ፤ ትምህርቱ ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር የሚያዘዋውር ስለሆነ አዲስ ኪራይም አለ። በ25ኛው ወር ደግሞ ምንም የለም።

ከዚህም የባሰው የመጀመሪያው ወር ነው። ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ተማሪዋ እዚያ ደርሳ የባንክ ሂሳብ ከከፈተች በኋላ ነው። በጀርመን ቤት አከራዩ እስከ ሦስት ወር ኪራይ የሚደርስ መያዣ እንዲጠይቅ ሕጉ ይፈቅድለታል። ስለዚህ ትኬቱንና የመጀመሪያውን ወር ተኩል ወጪ ቤተሰቡ ማዘጋጀት ይኖርበታል። የውጭ ምንዛሪው ከባንክ፣ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ቀርቦ በደረሰኝ ይገዛ፤ ከመንገድ ላይ መንዛሪ አይሁን። ገንዘቡን ለማግኘት ደግሞ አንዳንድ ቤተሰብ የእርሻ በሬውን ይሸጣል። ይህን አጥብቀን እንቃወማለን። የግሼ ገበሬ በግ አለው፤ በግ ይተካል። ጥማዱ የፈረሰ ቤት ግን በሚቀጥለው ዓመት የሚበላውን ከልጅቱ ይጠብቃል፤ ልጅቱም ገና የፈተና ወረቀት ሳትይዝ ባለ ዕዳ ሆነች። ብድር ከሆነ፣ ከማን ስንት እንደተወሰደ በወረቀት ይጻፍ፤ የመክፈያው ጊዜም ከአንድ ዓመት በኋላ ይሁን። ለሽኝት ድግስ የሚወጣውን ለትኬቱ ማዋል ደግሞ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

የሚያስፈልገውም በቤተሰቡና በልጅቱ መካከል ከመሄዷ በፊት የሚደረግ ውል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ማንም ከእሷ ገንዘብ እንዳይጠይቅ። የምታገኘው መጠን ለቡና ጎረቤት እንዳይነገር። ለሠርግ፣ ለተስካር፣ ለእከሌ ሕክምና የሚል ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ ለእናት እንዲነገር፤ እናት ደግሞ ብዙውን «የላትም» ብለው እንዲመልሱ። ይህ ጭካኔ ይመስላል። ግን ነገሩን ከሌላው በኩል እንየው። የዘመድ ጥያቄ በየሳምንቱ የሚደርሳት ልጅ እንቢ ማለት ስለማትችል ምሳዋን ትተዋለች፣ ወይም የማታ ሥራ ትይዛለች። የጀርመን ሕግ ለውጭ ተማሪ የሚፈቅደው ሥራ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን ነው፤ ከዚያ ማለፍ የመኖሪያ ፈቃዷን ያሰጋል። ሌሊት ሳህን ስታጥብ ያደረች ልጅ ጠዋት ትምህርት አይገባትም። ከፈተና ከወደቀች ደግሞ ዕድሉ ራሱ ሊሰረዝባት ይችላል። ላንዲት አክስት የተላከ ገንዘብ የሁለት ዓመት ትምህርት አስከፈለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ውል ስለ ክፉ ወሬ ነው። ይህንንም አጽንተን እንጽፋለን፤ ምክንያቱም በባሕላችን ሁለታችንም ወገን ደብቀን ስለምንኖር ነው። ልጅቱ በደወለች ቁጥር «ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለኝም» ትላለች። ታማ ሊሆን ይችላል፤ ወድቃ ሊሆን ይችላል፤ ሦስት ቀን ከሰው ጋር ሳትነጋገር ውላ ሊሆን ይችላል። እናት እንዳትጨነቅ ብላ ትደብቃለች። እናቲቱ አስቀድመው «ክፉ ወሬ ካለሽ መጀመሪያ ለእኔ ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም» ብለው ቃል ይግቡላት። ቃሉ ግን የሚፈተነው ያን ቀን ነው። እውነቱን በነገረች ጊዜ እናት እሪ ብለው ካለቀሱ፣ ወይም «ይህን ሁሉ ደክመን» ብለው ካማረሩ፣ ሁለተኛ አትነግራቸውም። ማልቀስ ቢመጣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ይሁን።

ከቤት ወደ ልጅቱ የሚሄደው ክፉ ወሬ ደግሞ መርዶ ነው። አያት ቢያርፉ፣ እግዚአብሔር አያድርገውና ከዚያም የቀረበ ቢሆን፣ ልማዳችን በባዕድ አገር ላለ ሰው መደበቅ ነው፤ «ስትመጣ ትሰማዋለች» እንላለን። ቀድሞ ደብዳቤ በመርከብ በሚሄድበት ዘመን ይህ ይቻል ይሆናል። ዛሬ ግን የሰፈር ልጅ የሐዘን መግለጫ በፌስቡክ ይለጥፋል፤ ልጅቱም የአባቷን ፎቶግራፍ ከሻማ ጋር ባቡር ውስጥ ቆማ ታየዋለች። አጠገቧ የሚይዛት፣ አብሯት የሚያለቅስ፣ ነጠላዋን የሚያለብሳት ሰው የለም። ከዚህ የከፋ መርዶ እኛ አናውቅም።

ስለዚህ ልጅቱ እዚያ እንደ ደረሰች፣ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ፣ የምታምናቸውን የሁለት ሰዎች ስልክ ለእናቷ ትላክ፤ ቀደም ብሎ የሄደ ኢትዮጵያዊ ተማሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጎረቤት፣ ከሌለም ቋንቋው የሚያግባባ ጓደኛ። ክፉ ነገር ሲደርስ ከራቤል የሚደወለው መጀመሪያ ለዚያ ሰው ነው። እሱ ወይም እሷ ቤቷ ሄዶ፣ አስቀምጦ፣ ከእሷ ጋር ሆኖ ለእናት ይደውላል። እስከዚያ ድረስ ማንም ዘመድ በስልክ ላይ ምንም እንዳይለጥፍ አንድ ጠንከር ያለ የቤተሰብ ሰው ይከልክል። ፈተና በነገው ወይም በከነገ ወዲያው ከሆነ ሁለት ቀን ማቆየት ያስኬዳል፤ ከዚያ በላይ ግን የእሷን ሐዘን እኛ የምንወስንላት አይደለንም። ይህን ነገር ገና በጤና ሳሉ መነጋገሩ ሟርት የሚመስላቸው አሉ፤ እናት ግን በጨዋታ መልክ በቡና ላይ ሊያነሱት ይችላሉ።

ስለ አገሩ ልማድ ልጅቱ ራሷ ታየዋለችና አናበዛም። አንድ ሁለቱን ብቻ፤ ልጃችን ሆይ፣ ይህ ላንቺ ነው። ሰው ቤት ተጋብዘሽ ምግብ ሲቀርብልሽ «ይቅርብኝ» ካልሽ፣ ያው ቀረብሽ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብሎ የሚለምንሽ የለም፤ እንቢታሽን አክብረው ሳህኑን ያነሱታል። ስለዚህ ከራበሽ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ በዪ። አስተማሪን መጠየቅና ፊት ለፊት አይቶ አልስማማም ማለት እዚያ ብልግና አይደለም። ዝም ያለች ተማሪ ጨዋ ሳትሆን ያልገባት ትመስላለች። የሰው ጽሑፍ ምንጩን ሳይጠቅሱ መገልበጥ ግን ከትምህርት የሚያስባርር ጥፋት ነው። ባቡርና አውቶቡስ ያለ ትኬት የተሳፈረ ሰው በጀርመን 60 ዩሮ ይቀጣል፤ ተቆጣጣሪው በየጊዜው ላይመጣ ይችላል፣ ሲመጣ ግን ይቅርታ አያውቅም። ቤት ተከራይተሽ እንደ ገባሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ በከተማው ጽሕፈት ቤት አድራሻሽን ታስመዘግቢያለሽ፤ ያለዚያ ወረቀት የባንክም የመኖሪያ ፈቃድም ጉዳይሽ ይጓተታል። ያላየሽው ቤት ኪራይ ቅድሚያ እንድትልኪ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመሽ፣ ምናልባት ቤትም የለው። ፓስፖርትሽን ማንም «እኔ ላስቀምጥልሽ» ቢል አትስጪ፤ የአገር ልጅም ቢሆን፣ ዘመድም ቢሆን። የሚያስፈራሽ ነገር ቢገጥምሽ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ 112 ብለሽ በነፃ መደወል ትችያለሽ።

የማደሪያሽ አድራሻ በስልክሽ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ተጽፎ ኪስሽ ይግባ፤ ስልክ ባትሪው የሚያልቀው በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። የስልክሽ ቻርጀር ባለ ሁለት ክብ እግር ከሆነ ጀርመን አገርም ይሠራል።

በመጨረሻም ለእናቲቱ የስልኩን ቀጠሮ እናስታውሳለን። በየቀኑ ከመጠበቅ ይልቅ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድን፣ ቁርጥ አድርጎ መያዙ ለሁለቱም ይቀላል። በመስከረም ልጅቱ በእነርሱ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ላይ ብትደውል፣ ራቤል የሚጮኸው 11 ሰዓት ላይ ነው። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ፣ በእነርሱ የኦክቶበር ወር መጨረሻ እሑድ፣ አውሮፓውያን ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሱታል። ያን ዕለት 11 ሰዓት ላይ ስልኩ ሳይጮኽ ቢቀር እንዳይደነግጡ። 12 ሰዓት ላይ ይደውላል። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ደግሞ ወደ 11 ይመለሳል።